ዱአው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ

የመጀመሪያ ሥራዬ መርሳ ነበር፤ በሀብሩ ወረዳ የመስኖ ነገር በሚታይበት አንድ ቢሮ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ። መደቡ በማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር የሚሞላ ስም ነበረው፤ ሲፈታ ግን ሰው ሲናገር መጻፍ ነው። ቅጥሬ ከጥር ጀምሮ ለስድስት ወር የሙከራ ነበር። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ኃላፊዬ አንድ ቅጽ ሞልቶ ከፈረመ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልፈረመ ወልድያ ተመልሼ አባቴ ቤት እቀመጣለሁ።

አባቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ቋሚ አድርጎኛል። ከወልድያ መርሳ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ጠዋት ጠዋት ጋቢና ከጎኑ አስቀምጦኝ ይወርዳል፤ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊያወርድ በቆመ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ልጄ ናት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት ይላል። አባዬ፣ ገና ሙከራ ላይ ነኝ እኮ ስለው፣ ይህም መኪና ሙከራ ላይ ነው፣ ይኸው ስንት ዓመቱ ይሄዳል ብሎ ይመልስልኛል። ከመስታወቱ በላይ የማርያም ሥዕል ለጥፏል። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ያማትባል፤ በዚያችው ቅጽበት ከኋላ ወንበር «ቢስሚላህ» የሚሉ ድምፆች ይሰማሉ፤ መኪናውም ይነሣል። ልጅ ሆኜ የዓለም መኪና ሁሉ እንዲህ የሚነሣ ይመስለኝ ነበር።

ኃላፊዬ በዕድሜ ከታላቅ ወንድሜ አይበልጥም። ኃላፊ ነውና ግን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ወረቀቱ ሁልጊዜ የተደረደረ፣ የሻይ ብርጭቆው እንኳ ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ከምንም በላይ የሚወደው ሕግ ነው፤ ከሕግም ሁሉ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ አሥራ አንድ። በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል። እኛም በሌለበት «አሥራ አንድ» እንለው ነበር። አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ መጥቶ፣ አሥራ አንድ ሳይገባ አይፈረምልህም ብንለው፣ ምስኪን፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቀ።

በገባሁ በሳምንቴ ኃላፊዬ ጠራኝና ሥራዬን ነገረኝ። በየወሩ የውኃ ተጠቃሚዎች ስብሰባ አለ። ከተራራው የሚወርደው ውኃ በአንድ ቦይ ነው የሚመጣው፤ ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር በተራ ያጠጣሉ፤ ተራውን የሚጠብቁት ደግሞ ገበሬው «የውኃ አባት» የሚላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስብሰባው የመንግሥት ስብሰባ ነው አለኝ፤ በመንግሥት አዳራሽ፣ በመንግሥት ሰዓት። ስለዚህ ምርቃት የለም፣ ጸሎት የለም፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንዳላይ። ከኋላው የተሰቀለውን ወረቀት ሳይዞር በአውራ ጣቱ አሳየኝ። እሺ አልኩ። የሙከራ ሠራተኛ ሌላ ምን ትላለች?

በእኛ አገር ሰው ሲሰበሰብ ነገሩ በዱአ ይከፈታል። ክርስቲያኑም እስላሙም ዱአ ነው የሚለው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ደግሞ ዱአውም እንደ ውኃው ተራ አለው። አንዱን ወር የላይኛው ሰፈር ሼህ ያደርጋሉ፤ የሚቀጥለውን ወር የታችኛው ሰፈር ቄስ። ሼሁ ሲመርቁ ቄሱ አሜን ይላሉ፤ ቄሱ ሲመርቁ ሼሁ አሚን ይላሉ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሼሁ እናትና የቄሱ አያት እህትማማቾች ነበሩ። እንዴት ሆነው በሁለት ወገን እንደሄዱ ጠይቄ አላውቅም፤ በወሎ እንዲህ ያለው ጥያቄ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ስብሰባ የካቲት ላይ ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊዬ ተነሥቶ «ስብሰባው ተከፍቷል» አለና ተቀመጠ። እኔም ስብሰባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተከፈተ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የምጽፈው ጠፋ። አስተያየት ያለው አለ፤ ዝም። ጥያቄ ያለው አለ፤ ዝም። ማንም አላኮረፈም፤ በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ እንግዳ እጃቸውን አጣጥፈው ብቻ ተቀመጡ። ኃላፊዬ ብዕሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። በመጨረሻ የውኃ አባቱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይከፈት እንጂ» አሉት።

ተከፍቷል እኮ አላቸው።

«ማን ከፈተው?»

ኃላፊዬ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ደብተሬ ዞርኩ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ አቤት፣ አቤት፣ ይሰማኛል እያለ ወጣ። በሩ ገና ሳይገጠም ሼሁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«ያ ረቢ፣ ዝናቡን በጊዜው አውርድልን። ከላይ የጠጣ ከታች ያለውን አይርሳ፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን አይማ። ቦያችንን ከድንጋይ፣ አፋችንን ከክፉ ነገር ጠብቅልን።»

በያንዳንዱ ቃል መጨረሻ አሚኑና አሜኑ እየተቀላቀለ የጣራውን ቆርቆሮ መታው፤ የትኛው ከየትኛው አፍ እንደወጣ ማንም ሊለይ አይችልም። ዱአው አጭር ነበር። ኃላፊዬ ስልኩን እየከተተ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወራል፤ የቦዩ ጠረጋ፣ የማንጎው ተራ፣ የማሽላው ነገር፣ ከላይ ውኃ ሰርቆ ያጠጣው ሰውዬ። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤውን ለማጥራት ስቀመጥ ግን ተቸገርኩ። ዱአ ተደረገ ብዬ ብጽፍ ቅጼ አይፈረምም። ምንም አልተደረገም ብዬ ባልፈው ደግሞ ያን ሁሉ አሜን የት ላድርገው? እኔ ግትር ነኝ፤ የሆነን ነገር አልሆነም ማለት እስከ ዛሬም አልችልበትም። ስለዚህ ብዙ ካሰብኩ በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ስለ ዝናብ ሁኔታና ስለ ውኃ ክፍፍል ፍትሐዊነት አንድ አባል ሰፊ አስተያየት ሰጥተዋል፤ ቤቱም አስተያየቱን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።

ደጋግሜ አነበብኩትና በራሴ ኮራሁ። አሜን ማለት ይሁን ማለት አይደል? ይሁን ማለት ደግሞ ጸደቀ ማለት ነው። አንዲት ውሸት የለበትም።

ኃላፊዬ ሲያነበው ብዕሩ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። ዝናብ ከአጀንዳው ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠየቀኝ። መስኖ ስለሆነ ነው አልኩት። አባሉ ማን ናቸው አለኝ። ሼሁ አልኩ። ጥቂት አሰበና፣ «ሰፊ ነበር?» አለ። ኧረ አጭር ነበር አልኩት። «ሰፊ» የሚለውን ሰርዞ «አጭር» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ወደ ማታ ከአባቴ ጋር ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ቢሮ ስንገባ ኃላፊዬ፣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ስልኬ ሞተ፣ አይበራም ሲል ሰምቼዋለሁ። ታዲያ በዚያ በሞተ ስልክ ከማን ጋር ነው ሲያወራ የነበረው? ለአባቴ ስነግረው መሪውን እየደበደበ ሳቀ፤ ሲሪንቃ የሚወርደውን ሰውዬ ይዞት አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። በልጉ እምቢ ብሎ ከርሞ ነበርና ወልድያም መርሳም ሰው ደስ ብሎት በረንዳ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። እኔ በዝናቡ ውስጥ መጣራት ሁሉ ከጀለኝ፤ ያጸደቅነው እኛ ነን ልል።

ሁለተኛው ስብሰባ መጋቢት ላይ ነበር። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገብተዋል፤ ከአጀንዳው የሻይ ዕረፍት የሚለው ያለ ድምፅ ቆጠራ ወጣ። ተራው የቄሱ ነው። ኃላፊዬ ስብሰባው ተከፍቷል አለ፣ ዝምታውን አዳመጠ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አካሄዱን ለምዶታል። ኃላፊዬ ግን አንድ ስሌት ተሳሳተ። ሰዓቱን የለካው በሼሁ ዱአ ነው፤ ሼሁ ደግሞ ቁጥብ ናቸው። ቄሱ ሲመርቁ ከአዳም ነው የሚጀምሩት። ከአዳም ወደ ኖኅ፣ ከኖኅ ወደ አብርሃም እያሉ ገና ወደ ሀብሩ ወረዳ መድረሳቸው ነበር። «ሰላሙን ለሀገራችን» ብለው መስቀላቸውን ከፍ እንዳደረጉ በሩ ተከፈተ።

ሁሉም ሰው ኃላፊዬን አየ። ኃላፊዬ ጣራውን አየ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ልጁን ላለማሳፈር ብለው መስቀሉን ቀስ አድርገው አወረዱና ጋቢያቸውን ያስተካከሉ መሰሉ። አሜን የሚል ጠፋ። ስብሰባው ቀጠለ፤ ግን ሰዉ ሁሉ ሊያስነጥሰው ብሎ እንደቀረበት ሰው ሆኖ ዋለ።

በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ስለ ሰላም አስተያየት መስጠት ተጀምሮ ሳይጸድቅ በይደር ተይዟል። ኃላፊዬ ዝም ብሎ ፈረመ። በይደር መያዙ የባሰ ነገር ያመጣል ብሎ ማን አሰበ?

ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካውም ኢዱም ካለፈ በኋላ፣ ከዞን ተቆጣጣሪ እንደሚመጡ ተነገረን። ከወልድያ የሚመጡ ጠና ያሉ ወይዘሮ ናቸው፤ መነጽራቸው በደረታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ። የሙከራ ሠራተኞችን ፋይልም ያያሉ ተባለ። በዋዜማው ኃላፊዬ ጠርቶኝ፣ መዝገብሽ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጪ፣ ያንቺም የእኔም ነገር እዚያ ላይ ነው አለኝ። ሌሊቱን ደብተሩን በሐሳቤ ሳገላብጥ አደርኩ። አባቴ ጠዋት ሲያየኝ አሞሻል ወይ አለኝ፤ በመንገድ ላይም ለማንም ስለ እኔ አላወራም። ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ተቆጣጣሪዋ ከፊት ተቀመጡ። ኃላፊዬ ስብሰባውን ከፈተ። ዝምታው መጣ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ በእሳቸው ፊት ግን ሊያነሣው አልቻለም። ያኔ ሼሁ ወደ ቄሱ ዘንበል ብለው፣ ቀስ ባለ ነገር ግን አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ይቀጥሉ እንጂ፣ ተራው የእርስዎ ነው አሏቸው።

ቄሱ አልተቀበሉም። እኔ ባለፈው ወር ጀምሬያለሁ፣ ተራዬን ወስጃለሁ፣ አሁን የእርስዎ ነው አሉ። ሼሁ ደግሞ፣ አሜን ያልተባለበት ተራ ተራ አይባልም፣ የሰው ሐቅ አልወስድም አሉ። እኔ የርስዎን ብወስድ እግዜር ይጠይቀኛል አሉ ቄሱ። እኔንስ አላህ ዝም የሚለኝ መሰለዎት ወይ አሉ ሼሁ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲመልስ፣ ላይኛው ሰፈር ለቄሱ፣ ታችኛው ሰፈር ለሼሁ ጥብቅና ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ወደ ኃላፊዬ ጠጋ ብለው ተራ የሚሉት የውኃውን ነው ወይ ሲሉት ሰማሁ። አዎ፣ የውኃ ነው አላቸው፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

የውኃ አባቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። የድሮው መዝገብ በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ከቢሮው ጋር ጠፍቷል አሉ፤ አሁን ያለን የዚህች ልጅ መዝገብ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ተነሺና አንብቢልን። ባለፈው ወር ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም?»

የፈሩት ይደርሳል። ተነሣሁ። ደብተሩን ገለጥኩ። ወደ ኃላፊዬ አየሁ፤ አይ ቢለኝ እቀመጣለሁ፤ ቅጼንም እንዳልፈረመው እቆጥረዋለሁ። እሱ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶ «አንብቢ» አለኝ።

የየካቲቱን አነበብኩ። ስለ ዝናብ ሁኔታና ስለ ውኃ ክፍፍል ፍትሐዊነት አንድ አባል አጭር አስተያየት ሰጥተዋል፤ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። የመጋቢቱን አነበብኩ። ስለ ሰላም አስተያየት መስጠት ተጀምሮ ሳይጸድቅ በይደር ተይዟል።

መጀመሪያ የገባቸው ሼሁ ናቸው።

«ሱብሐን አላህ» አሉ። «የእኔ ዱአ አስተያየት ሆነች?»

ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እየተንከባለለ መጣ። ቄሱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይናጣል። እኔ እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅሁ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኃላፊዬና ተቆጣጣሪዋ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ፣ ሁለቱንም ገጽ ራሳቸው አነበቡ።  የሙከራዬ ስድስት ወር እዚያው አለቀ ብዬ ነበር።

የጸደቀው የዝናብ ጉዳይ አፈጻጸሙ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ።

ኃላፊዬ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የውኃ አባቱ ቀደሙት። ተፈጽሟል እመቤቴ አሉ፤ በሦስተኛው ቀን፤ ቦዩን ሞልቶ ትርፍም ነበረው።

ወይዘሮዋ ደብተሩን መለሱልኝ። ፊታቸው አልተፈታም፤ ዓይናቸው ውስጥ ግን የሆነ ነገር ነበር።

«በይደር የተያዘ ጉዳይ ሳይዘጋ አዲስ አጀንዳ አይከፈትም» አሉ። «የአሠራር ደንብ ነው። ይዝጉት።»

ቄሱ ተነሡ። አዳምን ባለፈው ጨርሰናል አሉና፣ ከወር በፊት ካቆሙባት ቃል ላይ ቀጠሉ፤ ሰላሙን ለሀገራችን፣ ጤናውን ለልጆቻችን፣ ፍቅሩን ለላይኛውም ለታችኛውም። አሜኑ ወር ሙሉ የተጠራቀመ ነበርና መስኮቱ ነዘረ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሜን ብዬ አላውቅም። ከሴቶቹ ወንበር እልልታ ተነሣ፤ የስብሰባ ነገር ሰርግ ሆነ። ሼሁም የዚያን ወር ተራቸውን በአጭሩ አደረሱ። ከዚያ በኋላ የቦዩ ጠረጋ በሩብ ሰዓት አለቀ።

በማግስቱ ኃላፊዬ ጠራኝ። ቅጼ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ባዶውን። ሆን ብለሽ ነው የጻፍሽው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት፤ ከዚያ በላይ የምደብቀው አልነበረኝም። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ስለ ራሱ ይነግረኝ ጀመር። ቀድሞ በሠራበት አንድ ቢሮ፣ የት እንደሆነ አልነገረኝም፣ ማን ይመርቅ በሚል ትንሽ ነገር ተጀምሮ ሠራተኛው ለሁለት ተከፈለ። ሰላምታ ቀረ። ሻይ እንኳ ለየብቻ መጠጣት ጀመርን አለኝ። ያን አንቀጽ የወደድኩት ያኔ ነው፤ አንዱ የሌላውን እንዳይቀማ የታጠረ አጥር ነው፤ ጸሎት ጠልቼ እንዳይመስልሽ።

ይህን ሲለኝ በሌለበት ያወጣሁለት ስም ሁሉ አሳፈረኝ። እውነቱን ነው። ወሎ ውስጥ ስላደግሁ፣ የአባቴ መኪና በሁለቱም ስለሚነሣ፣ የሌላው ሰው ፍርሃት አልታየኝም ነበር። ቢሆንም አፌን መያዝ አልሆነልኝም።

«እዚህ ግን ትናንት ሲጣሉ ያየናቸው ልቀማህ ብለው አይደለም» አልኩት። «እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ ብለው ነው።»

 ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ተመልሶ ኮስተር አለና ደብተሬን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ቃለ ጉባኤሽ ግን ልክ አይደለም።»

ውሸት የለበትም አልኩት።

«እውነትም የለበትም» አለኝ፤ ቅጹንም ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ይህች ቃል ከቁጣ ሁሉ በላይ ቆረቆረችኝ። በዚያ ሳምንት አባቴ ሲሪንቃ ላይ፣ ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ናት ሲል መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

የግንቦቱን የስብሰባ ጥሪ ራሱ አረቀቀው። ስብሰባው ልክ ሦስት ሰዓት በአዳራሹ ይጀመራል፤ ተሰብሳቢዎች ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በግቢው ውስጥ መገኘት ይችላሉ። እኔ «መገኘት አለባቸው» ብዬ ብተይበው ሰርዞ መለሰልኝ፤ ይችላሉ ነው፣ አለባቸው ካልን ሕግ ጣስን አለኝ። ገበሬው ጥሪውን እንዳነበበ ገባው። በቀኑ ሁሉም በሁለት ሰዓት ተኩል ማንጎው ሥር ተገኝቶ ዱአውን በተራው፣ በወጉ፣ ከአዳም ጀምሮ አደረሰ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አዳራሽ ገቡ፤ ኃላፊዬ ስብሰባው ተከፍቷል አለ፤ ወዲያው አሥር እጅ ተነሣ። ከማንጎው እስከ አዳራሹ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በመርሳ መንግሥትና ሃይማኖት የሚለያዩት በዚያች ሃያ እርምጃ ነው፤ እስከ አሁንም በሰላም ይኖራሉ።

የሰኔው ስብሰባ የስድስት ወር ሙከራዬ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ዋለ። ቅጼ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ኃላፊዬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ጠዋት ማንጎው ሥር ደብተሬን አቅፌ ቆሜያለሁ፤ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ። የውኃ አባቱ ፊቴን አዩና ምን ሆነሻል አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ለሰዉ ሁሉ ነገሩ፤ የእኛ ጸሐፊ ቀኗ ደርሷል፣ ትመረቅ አሉ።

ሼሁ ወደ ቄሱ ዞሩ። የእርስዎ ልጅ ናት፣ እርስዎ ይመርቋት አሉ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተራው የእርስዎ ነው፣ ልጅቷም የሁላችን ናት አሉ። ነገሩ ሊጀመር ነው ብዬ መዝገቡን ልገልጥ ስል ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ያ ረቢ፣ ወንበሯን አጽናላት። እጇን አትያዝባት። የጻፈችው እውነት ይሁን፣ እውነት የሆነውንም ትጻፈው።»

ዓይኔን እንባ ሞላው። አሜኑና አሚኑ እየተደባለቀ ከማንጎው ቅጠል ሥር ሲወጣ፣ ከኋላዬ አንድ የማውቀው ድምፅ ከሁሉ በልጦ «አሚን» ሲል ሰማሁ። ዞርኩ። ኃላፊዬ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማገኘው ሰው፣ የስም መቆጣጠሪያውን በብብቱ ይዞ፣ ሁለት እጁን እንደ ሼሁ ዘርግቶ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እጁን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ።

«ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል» አለኝ።

ቀጥሎ ከስም መቆጣጠሪያው ሥር አንድ ወረቀት አወጣና ሰጠኝ፤ አሚኔን እንዳትጽፊው ብሎኝም ወደ አዳራሹ ገባ። ቅጼ ነበር። ተፈርሟል፣ ማኅተሙም ገና አልደረቀም። ሰዓት ማክበር፣ እጅግ በጣም ጥሩ። ባለጉዳይ ማስተናገድ፣ እጅግ በጣም ጥሩ። እየሳቅሁ፣ እያለቀስሁ እስከ ታች ወረድኩ። ቃለ ጉባኤን በትክክል መያዝ ከሚለው ፊት ለፊት ግን ነጥብ የለም፤ በዚያ በተደረደረ ጽሕፈቱ «በይደር» ብሎ ጽፎበታል።

ማታ አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎኝ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ለተሳፋሪው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ቆመና ምን ማለት ነው አለኝ። ገና አልተዘጋም ማለት ነው አልኩት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሐጃ፣ ታዲያ ትዝጋዋ አሉ።

ይኸው፣ ሼሁ እንዳሉት፣ እውነት የሆነውን ጻፍኩ። የተሰጠው አስተያየት አልነበረም፤ ዱአ ነበር። ኃላፊዬም አሚን ብለዋል። ቤቱ ያጽድቅልኝ።